ያልመጣ ጎርፍ ማግስት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጃንጥላ ሸለመኝ። ሌላ ባልደረባ ሲሸኝ ጋቢ ነበር የምናለብሰው። ለእኔ ሲሆን ግን አንዱ ቀልደኛ «ዕድሜ ልኳን በዝናብ ስታስፈራራን ኖራ ጋቢ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ኖሮ፣ ከወረታ ገበያ ጥቁር ጃንጥላ ተገዛ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወጣቱ ኃላፊያችን ተነሥቶ ስለ አገልግሎቴ መልካም መልካሙን ከተናገረ በኋላ «ከእንግዲህ እትዬ የሺ ይረፉ። ማስጠንቀቂያው በስልክ መልእክት ሆኗል። አንድ ጊዜ ስንጫን ፎገራ በሙሉ ይሰማል» አለ። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው።

እኔ አላጨበጨብሁም። መስማቱንማ ፎገራ ድሮም ይሰማ ነበር። የእኔ ዕድሜ ያለቀው ሰው ባለመስማቱ አይደለም፤ ሰምቶ ባለመነሣቱ ነው። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውን ይወዳል፣ ኮምፒዩተሩንም ያውቅበታል። ግን የእኔ ሥራ ምን እንደነበረ የገባው አልመሰለኝም። እንግዲያው ልንገረው። እግረ መንገዴንም ሟርተኛ እያላችሁ ስም ላወጣችሁልኝ ሁሉ መልሴን ልስጥ፤ ሳልመልስ አልሞትም።

በእኛ አገር ገና ያልመጣ ክፉ ነገር በአፍ አይጠራም። የመጣውን ማውራት ይቻላል፤ ለሞተው ማልቀስ፣ ለጠፋው ማዘን የተፈቀደ ነው። «ቢመጣስ?» ያለ ሰው ግን ሟርተኛ ነው። ቤት ገብቼ «ዘንድሮ ውሃው የሚከፋ ይመስላል» ስል ባለቤቲቱ ፊቷን አዙራ «አያድርስ!» ትላለች፤ ባልየው ደግሞ «ምነው እቴ፣ አፍሽ ለበጎ አይከፈትም?» ይለኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚል ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ እንዳይደርስበት ብሎ አለመፍራትን ይመርጣል። እኔ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለኝ «ቢመጣስ?» እንድል ነበር።

ሌላም ጣጣ አለ። ፎገራ ላይ ጎርፍ ጠላት ብቻ አይደለም። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን ጠርገው የሚያመጡት ደለል ነው ሜዳችንን እንዲህ ያወፈረው። ሩዝ የዘራ ገበሬ በሐምሌ ውሃው ከዘገየበት ሰማይ ሰማይ እያየ ይለማመናል። ውሃው ማሳው ላይ ገብቶ ሲተኛ ወንዱም ሴቱም ፊቱ ይፈካል። ታዲያ እኔ መጥቼ ከዚህ ውሃ ሽሹ ስል፣ ደጅ የቆመውን እንግዳ ሌባ ነው እንደማለት ነው። ደግሞስ እንግዳም ነው፣ ሌባም ነው፤ ችግሩ እሱ ላይ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያለው ሰው የእኛን ሜዳ ያየ መሆን አለበት።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። የመጀመሪያ ምድቤ በጉማራ ወንዝ በኩል ነበር። የእርሻ ልማት ሠራተኛ ሆኜ ስሄድ ገና ለጋ ነበርሁ፤ ቤት ጠፍቶ ከአንዲት ጠላ ሻጭ ጓዳ ተከራየሁ። ደመወዙ እንዴት ይበቃኝ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ጋሼ ደምሴ የጣቢያው አንጋፋ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው የሚሄዱ ሰው። ሐምሌ ሲጋመስ ማዳበሪያውንም ዘሩንም ለእኛ ትተው ቤት ለቤት መዞር ይጀምራሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ቆመው አያስጠነቅቁም። «ቆሞ የተናገረ ሰው ሊሄድ ነው፤ ሊሄድ የተነሣን ሰው ማን ያምናል?» ይሉኝ ነበር። ገብተው ይቀመጣሉ፣ የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ፣ ስለ ላሚቱ ይጠይቃሉ። የፎገራ ሰው ላሙ ካልተጠየቀች እሱም የተጠየቀ አይመስለውም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጎርፍ ይመጣል አይሉም።

«እንዲያው ይች ላም ውሃው ቢገባ ወዴት ትሄዳለች?» ይላሉ።

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ነዋ፣ ጋሼ» ይላል ሰውየው።

«በየት በኩል?»

«በዋርካው በኩል።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ተነሥተው በጭቃው አብረው ይሄዳሉ። ዋርካው ዘንድ ሲደርሱ መንገዱ ገና በሐምሌ ጎድጉዶ ውሃ ይዞ ይገኛል። ጋሼ ደምሴ ጢማቸውን እያሻሹ ይቆማሉ። ሰውየው ራሱ ነው «ኧረ ይኸስ አይሆንም፤ በላይ በኩል ነው መንዳት» የሚለው። ክፉው ከማንም አፍ አልወጣም፤ ሰውየው ግን በእግሩ ሄዶ አይቶታል።

ወንዝ ማየትንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጉና ላይ የዘነበው እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከራስህ በላይ ያለውን ሰማይ አትመን ይሉ ነበር። ውሃው የሚያመጣውን ዐይተው ይፈርዳሉ። ደረቅ አገዳና ገለባ ከሆነ ገና ሜዳ እየጠረገ ነው፤ ከነቅጠሉ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ለምለም ዛፍ ካመጣ ግን ላይኛው ዳርቻ እየተናደ ነው ማለት ነው። ጣና ሞልቶ አልቀበልም ሲል ደግሞ አረፋው መሄዱን ትቶ ባለበት ይዞራል። ወንዝ ሲሞላ ይጮኻል የሚል ሰው ዳሩ ላይ አልኖረም። ድንጋዩን ሁሉ ውጦ እስከ አፋፉ ሲደርስ ዝም ይላል፤ መሸሽ ያኔ ነው።

የበሬ ማሰሪያ ዘዴም ነበራቸው። የታሰረ ገመድ ሲርስ ያብጣል፤ ያበጠ ቋጠሮ በጥርስም አይፈታ። ስለዚህ ነሐሴ ሲቃረብ አንዱን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት ሸርተት ብሎ የሚፈታ አስተሳሰር ለየገበሬው ያሳያሉ።

«ጋሼ፣ ይኸን እኮ ሌባም ይፈታዋል!» ይሏቸዋል።

«ሌባ የፈታውን በሬ ይፋግ ገበያ ታገኘዋለህ፤ ውሃ የወሰደውን ግን ጣና ነው የምትጠይቀው።»

ከሁሉ የከበደኝ ልማዳቸው ሌላ ነው። ተጠንቀቁ ብለው፣ ሰው ከብቱን ነድቶ እህሉን ቆጥ ላይ ሰቅሎ፣ ውሃው ሳይመጣ ሲቀር፣ በማግስቱ ይመለሱ ነበር። ሌላው ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው በዚያ መንደር ወር ሙሉ አያልፍም። እሳቸው ጧት ተነሥተው እየተሳቀባቸው ቤት ለቤት ይገባሉ። «ይመጣል ብዬ ነበር፤ አልመጣም። ዝናቡ ወደ ማዶ ዞረ። እንኳንም ቀረ። በሉ ሳቁ» ይላሉ። ይሳቃል፤ እንዴት ይሳቃል! አንድ ቀን አብሬያቸው ስዞር ዋልሁና ኀፍረቱን አልቻልሁትም።

«ጋሼ፣ ምን ያዋርድዎታል?» አልኋቸው።

«ስሚ የሺ፣ ዛሬ ካልሳቁብኝ ነገ አያምኑኝም» አሉኝ። «ያልሆነለት ሰው ሲደበቅ ካዩት ዋሸ ይላሉ። መጥቶ ካዩት ተሳሳተ ይላሉ። ሁለቱ አንድ አይደለም።»

ያኔ ሽማግሌው ይቀባጥራሉ ብዬ ነበር ያለፍሁት።

ከዓመታት በኋላ ወረታ ተዛውሬ አደጋ መከላከል ክፍል ገባሁ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ሪፖርት ካልተጻፈ ጎርፉም የመጣ አይመስለውም ነበር። ሌላው መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭኖ መዞር ነበር የሚወደው። «የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች» ሲል ዶሮው ሁሉ ይበረግጋል። ከመኪና ላይ የተነገረ ነገር ለገበሬው ያው ነው፤ ግብር ይሁን፣ ስብሰባ ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ አቧራው ሲረግብ አብሮ ይረግባል። ይህን ስነግረው «እትዬ የሺ ሥራ አትወድም» ብሎ አማኝ። ሐሙሲት መንገድ ላይ መኪናው ጭቃ ሲውጠው ግን ገፍተን ያወጣነው እኔና አምሳያዎቼ ነበርን።

እንግዲህ ወደማልወደው ልግባ። የጎጧን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ዛሬም ጎረቤቶቼ ናቸው። ርብ ዳር ያለች ዝቅ ያለች ጎጥ ናት፤ ከፍ ያለ መሬት ቢኖራት የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ጉብታ ብቻ ነው። ለወንዙ ቅርብ የሆነው ቤት የአያ ተገኘ ነው። አያ ተገኘ ብርቱ ገበሬ፣ ቁጡ፣ ቸር፣ በሬዎቹ ዝናቸው እስከ ይፋግ የተሰማ ሰው። ታናሽ ወንድሙ አዱኛ አጥር ለአጥር ይኖር ነበር፤ ሳቂታ፣ ለሰው ሥራ የሚቀድም።

በዚያ ዓመት በሐምሌ ዝናቡ ቆም አለና ሩዙ መገርጣት ጀመረ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን የወንዙን ዳር ይቀድዱና ውሃ ወደ ማሳ ይስባሉ። የሚቀደደው በቀን አይደለም፤ ማን እንደቀደደውም አይጠየቅም። ሁሉም የሚጠጣበትን ማን ይከሳል? አያ ተገኘ መቅደዱን ጎጧ በሙሉ ታውቃለች፤ ውሃው የሁሉንም ሩዝ አጠጥቷል፣ ተመርቆበታል። ዝናቡ ሲመለስ ግን ቀዳዳው ሳይደፈን ቀረ። እኔ ሳየው በር ያህል ነበር። በሌላ ጊዜ ሳየው ጋሪ ያሳልፍ ነበር፤ ግራ ቀኙ አፈር እየቆረሰ ይወድቃል።

ፍልሰታ ገብቶ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እኔም ቅዳሴ ሲያበቃ ከዛፉ ሥር ብድግ ብዬ ተናገርሁ። ቆሜ። «ያ የተቀደደው ዳር ካልተደፈነ ጎጧን ይዟት ይሄዳል» አልሁ። ስም አልጠራሁም። ስም ማን ያስፈልገዋል? ዐይን ሁሉ መጀመሪያ አያ ተገኘ ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ሁሉም ከሱ ተነሥቶ እኔ ላይ አፈጠጠ።

«ማነው የቀደደው? ስም ጥሪ!» አለ አያ ተገኘ።

«ማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አልሁ።

አንዲት አሮጊት መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «በጾሙ፣ በፍልሰታው፣ በቅጥሩ ውስጥ ታሟርቻለሽ? አፍሽን ያዥ!»

አለቀ። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ቀዳዳው የውሃ ነገር መሆኑ ቀርቶ የክስ ነገር ሆነ። አያ ተገኘ ቢደፍነው እኔ ነኝ የቀደድሁት ማለቱ ነው። ጎረቤት ቢደፍነው አያ ተገኘ ነው ማለቱ ነው። ስለዚህ ማንም አልነካውም። ደጋግሜ ሄድሁ፤ በር ላይ ሳለሁ ውሻ ነው የሚቀበለኝ። አዱኛ ብቻ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እት የሺ፣ ትንሽ ቀን ይለፍና እኔው ዝም ብዬ እደፍነዋለሁ። ወንድሜ ሲበርድ» አለኝ። የበሬውን አስተሳሰርም ነግሬው ነበር፤ ሳቀና «የሱን በሬ እኔ ብነካ ይገድለኛል» አለ።

ውሃው ጎህ ሲቀድ መጣ። በዚያው ቀዳዳ ነው የገባው። ሰው እየተጠራራ ወደ ጉብታው ሲወጣ፣ የአያ ተገኘ በሬዎች ደጅ ላይ እንደታሰሩ ቀሩ። አያ ተገኘ እናቱን አዝሎ እየወጣ ነበር። አዱኛ በሬዎቹ ሲያገሡ ሰምቶ ተመለሰ። የረጠበው ቋጠሮ አልፈታ አለው። ሬሳው ሲወጣ ገመዱ እጁ ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

ለቅሶ ሄድሁ። መሥሪያ ቤት «አትሂጂ፣ ይደበድቡሻል» ብለውኝ ነበር። ዳሱ ውስጥ ስገባ ሴቶቹ ከአጠገቤ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ። አያ ተገኘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ የሱ አይመስልም።

«በአፍሽ ጠራሽው» አለኝ። «መጣልሽ። እንግዲህ ደስ ይበልሽ።»

ወጥቼ ከዳሱ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ለቅሶው እስኪፈታ ዋልሁ። በሠልስቱ መጣሁ። በአርባው መጣሁ። ማንም ግቢ አላለኝም፤ ማንም ግን ሂጂ አላለኝም።

እስካሁን ሰው «ያን ጊዜ ዝም ብትይ ኖሮ» ይለኛል። ዝም ብል ኖሮ ምን? ወንዙ አፉን ዘግቶ ሊያልፍ? ወንዝ ሐሜት አይሰማም። ቀዳዳውን ስላየሁ ተናገርሁ፤ ዛሬም ባይ እናገራለሁ፤ ለዚህ ከማንም ምሕረት አልለምንም። ግን አንድ ነገር አንጀቴን ይበላኛል። የተናገርሁት ሁሉ ልክ ነበር። ልክ መሆን ግን ሥራዬ አልነበረም፤ ሥራዬ ሰው ማስነሣት ነበር። ልክ ሆኜ አዱኛን አጣሁት። ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻ ይናቃል፤ ጅቡ ሳይመጣ ጮኾ ማንንም ያላስነሣው ውሻስ በምን ይሻላል?

ሥራውን ልተው ደርሼ ነበር። ያልተውሁት በእልህ ነው። በበጋው የጎጧን ቄስ፣ አባ ይኄይስን ፈልጌ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ያልመጣን መናገር ኀጢአት ከሆነ ይንገሩኝና ልቅር» አልሁ።

አባ ይኄይስ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ኖኅንም ሟርተኛ ሳይሉት አልቀሩም» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ኖኅ እንጨት እየጠረበ ነበር የሚናገር። አንች ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽ።»

እውነታቸውን ነው። ንዴቴ አላስተኛ ብሎኝ አደርሁ፤ ሲነጋ ግን ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ከየነጋዴው ደጅ መለመን ጀመርሁ።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ጆንያዬንና አካፋዬን ይዤ ወንዙ ዳር ሄድሁ። ማንንም አልጠራሁም፤ ማንንም አላስጠነቀቅሁም። ዳሩ እንደገና ተቀድዶ ነበር፤ ማን እንደቀደደው አልጠየቅሁም። ነጠላዬን አገልድሜ አሸዋ እየሞላሁ መደርደር ጀመርሁ። ጆንያ ጥግ ጥጉን መርገጥ አለበት፤ አፉ ወደ ወንዙ አይዞርም፤ ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ይጋልባል፤ አለዚያ ውሃው በመሐል ሰርጎ ይገባል። ይህን እያደረግሁ ሳለ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያየኛል። አንዱ ሳቀ። አንዱ «እብድ ሆነች» አለ። ረፋድ ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ከላይ ሆነው «እናንተ ሰዎች፣ ሴት አፈር ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ ወንድ ቆሞ ያያል?» ብለው ጮኹ።

ሌላ ነገር አላስፈለገም። አንድ ወረደ፣ ሁለት ወረደ፤ ከሰዓት በኋላ ደቦ ሆነ፤ ሴቶቹ ጠላና ቆሎ አመጡ። ያን ዳር የደፈነ ሰው ማንንም አልከሰሰም፤ የሺን አገዘ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ ሲያልቅ የየሺ ደቦ እየተባለ ይደፈናል። ወገባቸው የሰለለውን ማን እንደሚያዝላቸው፣ አራስ ካለች ማን እንደሚያወጣት፣ ይህ ሁሉ ጆንያ ሲሞላ ነው የሚወራው። እጁ የሚሠራ ሰው ስለ ክፉ ቀን ሲያወራ እንደ ሟርት አይቆጠርበትም። ስሜ ግን አልተለወጠም። ልጆቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «ሟርተኛዋ መጣች!» ይላሉ፤ እናቶቻቸው ይቆጧቸዋል፤ እኔ ተዉአቸው እላለሁ።

አያ ተገኘ ብቻ ደቦው ላይ አንድም ቀን አልወረደም። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቱን ሰብሮ ያልፋል። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ከአፉ ቃል አልሰማሁም። እኔም አላስጨነቅሁትም፤ የወንድም ሐዘን በሌላ ሰው ልመና አይወጣም።

ጡረታ ወጣሁ፤ ጃንጥላዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ውሃ የጎዳውን ጉልበት ውሃ ይጠግነው ብዬ ወንዛዬ በሚባለው ፍል ውሃ ውስጥ ሰነበትሁ። ነሐሴ ላይ ወረታ በተመለስሁ ማለዳ በጉና በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሮ፣ ተጋድሞ አየሁት። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። ድልድዩ ላይ ሄጄ ወንዙን አየሁት፤ ለምለም የግራር ዛፍ ከነሥሩ እያገላበጠ ወረደ። አረፋው ባለበት ይዞራል። ባጃጅ ይዤ ወጣሁ፤ መንገዱ ያለቀበት ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ማን ላከሽ? የሚል ካለ ማንም አልላከኝም። ደመወዙ ነው ጡረታ የወጣው፣ ዐይኔ አይደለም።

ጎጧ አፋፍ ላይ ስደርስ ያ የለመድሁት ጩኸት ተሰማ። «ሟርተኛዋ መጣች!»

አፌን ገና አልከፈትሁም። አንዲት ሴት ከጓዳዋ ወጥታ አየችኝና ሰላም እንኳ ሳትለኝ ወደ ውስጥ ዞራ «እህሉን ወደ ቆጥ አውጡት!» አለች። ከወዲያ ማዶ አንዱ ላሞቹን ማስነሣት ጀመረ። ሌላው አሮጊቷን ሊያዝል ጎንበስ ብሎ አየሁት። እኔ ጃንጥላዬን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ። የቤት እመቤቲቱ እህሉን እያቀበለች ስልኳን ከመቀነቷ አውጥታ አሳየችኝ።

«ይኸው መልእክት ከጧት ጀምሮ መጥቷል። ተጠንቀቁ ይላል አሉ።»

«ታዲያ ለምን ሳትነሡ ቆያችሁ?»

«አንች ሳትመጭ?» አለችኝ፣ ሞኝ ነገር የጠየቅሁ ይመስል።

ምሽት ሳይገባ ሰውም ከብትም ጉብታው ላይ ወጣ። አያ ተገኘም በሬዎቹን ነድቶ ከሰዉ ራቅ ብሎ ቆሞ አየሁት። እኔን እንግዳ ናት ብለው ከአባ ይኄይስ ዘንድ አሳደሩኝ።

ውሃውም አልመጣም።

ሲነጋ ርብ አፋፉን ሳይነካ ልኩን ጠብቆ ይወርዳል። ደመናው ጉና ላይ ተቆርጦ ወደ ማዶ ዞሮ ኖሯል። ወጣቱ ኃላፊም በመልእክቱ፣ እኔም በዐይኔ፣ ሁለታችንም ተሳሳትን። አባ ይኄይስ «በይ አሁን በአቋራጩ ውጭ፣ ሰዉ ሳያይሽ» አሉኝ፤ ለእኔው አዝነው ነው። አቋራጩን አየሁት። ደስ የሚል አቋራጭ ነው፣ በቀጥታ ወደ ወረታ ያወጣል። ጋሼ ደምሴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የተጠቀለለ ሱሪያቸው ግን ከፊቴ አልሄድ አለኝ። ደግሞስ ከማን ልደበቅ? ጃንጥላዬን አነሣሁና ፊት ለፊት ሰዉ ወዳለበት፣ ወደ ጉብታው ዛፍ ሄድሁ።

ከዛፉ ወዲህ አያ ተገኘ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በሬዎቹ አጠገቡ ታስረዋል። ገመዱን አየሁት፤ አንደኛው ጫፍ ሳብ ቢያደርጉት ሸርተት የሚል አስተሳሰር ነው። አየሁ፤ ማየቴንም አየ። ላልፍ ስል ቀና አለ።

«ምነው ዘገየሽ?» አለኝ።

ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነበረች።

«ሰዉ ሊስቅብሽ ከጧት ጀምሮ ቁጭ ብሎ እየጠበቀሽ ነው» አለ፤ ጥርሱም ብልጭ አለ። «ነይ፣ አብሬሽ ልሂድ።»

አብረን ሄድን። ሰዎቹ ዛፉ ሥር ተኮልኩለው አፋቸውን ሰብስበው ይጠብቁኛል፤ ሴቶቹ ከወዲሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ፊታቸው ተቀመጥሁ፤ ስለ ላሞቹ ጠየቅሁ፤ ደህና ናቸው አሉኝ።

«ይመጣል ብዬ ነበር፤ አልመጣም» አልሁ። «ዝናቡ ወደ ማዶ ዞረ። እንኳንም ቀረ። በሉ ሳቁ።»

ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ «ጃንጥላዋን እዩልኝ!» ሲል እንደገና ሳቁ። ከሁሉ የጎላው የአያ ተገኘ ሳቅ ነበር። እኔም አብሬ እየሳቅሁ ዞር ብዬ ጉብታውን አየሁ። እኔ «ቀረ» እስክል ከከብቱ አንድም ወደ ሜዳው አልወረደም ነበር።